ሳቅ ያልሆነ ሳቅ

ዛሬ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ለቅሶ ሄደን ነበር። ሟቹ ጎረቤታችን የነበሩ አባት ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመቀመጣችን ባለቤቴ ሳቀች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ አልሆነም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

መልቲፕል ስክለሮሲስ አለባት። የሰውነት መከላከያ ራሱ የነርቮችን ሽፋን የሚጎዳበት ሕመም ነው። ድካሙንና መደንዘዙን ለምደነዋል። ይሄኛው ግን ከባድ ነው። ሳቅና ለቅሶን የሚቆጣጠረው የአንጎል መስመር ሲጎዳ፣ ሰው ምንም ሳያስቀው ይስቃል፣ ሳይከፋው ያለቅሳል። ልቧ ሐዘን ላይ ነበር። አውቃለሁ፤ ሌሊቱን ለእሳቸው ስታለቅስ ነው ያደረችው።

እጇን ይዤ ወጣን። "ከእንግዲህ ለቅሶ አልሄድም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ተመልሼ ለሟቹ ልጅ በጆሮዋ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተነስታ ወጣች። ባለቤቴን ይዛት ገባችና አጠገቧ አስቀመጠቻት።

ትንሽ ቆይቶ ሳቁ እንደገና መጣ። ልጅቷ እጇን አልለቀቀችም።