በግ ያስለቀቀው መንደር

ባዶ መንደር ሲባል የቆመ ግድግዳ፣ የተገነጠለ በር፣ ቢያንስ አንድ ጣሪያ ጠብቄ ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሰው የለቀቀው የእንግሊዙ መንደር ዋራም ፐርሲ ግን ሣር ነው። ሰፊ፣ እብጥ ስርጉድ ያለ፣ በግ የሚግጥበት ሣር።

ሊድስ መኖር ከጀመርኩ ጀምሮ ይህን ቦታ ለማየት እመኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ በመኪናው ወሰደኝ። የሞልተንን ከተማ አልፈን የዮርክሻየር ዎልድስ ኮረብታዎች መሃል ገባን። ከመኪና ማቆሚያው በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር፣ ደህና ጫማ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልታየኝም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግን እብጠቶቹ ጥላ ጣሉ። መንደሩም ወጣ። ይሄ ረጅሙ ጎድጓዳ ሰውና ከብት ለዘመናት ሲረግጠው የሰመጠ መንገድ ነው። እነዚያ አራት ማዕዘን እብጠቶች የቤት ግድግዳ መሠረቶች ናቸው። ከኋላቸው የእያንዳንዱ ቤት ጓሮ አለ። አንዱ ቤት ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። በር ሳይኖረው ዝም ብዬ መግባት ከበደኝ፣ የሰው ቤት ነዋ!

ይህን ሁሉ ያስነበቡን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ሞሪስ ቤረስፎርድ፣ ሁለተኛው አርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት። ከ1950 እስከ 1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በጋ በመጣ ቁጥር እዚህ ተቆፈረ። አርባ ዓመት! የንጉሥ መቃብር ወይም ወርቅ ፍለጋ ሳይሆን፣ የገበሬ ጎጆ ፍለጋ። እኔ ለዚህ ትልቅ ክብር አለኝ።

ከመቃብሩ ቦታ 700 ገደማ አፅም ወጥቷል። የሕፃናቱ አጥንት ሲመረመር እናቶቻቸው እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያጠቧቸው እንደነበር ታወቀ። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም። ጡታቸው ግን በልጆቻቸው አጥንት ውስጥ ተመዝግቦ ቀርቷል።

ቆሞ የቀረው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያ የለውም፣ የማማው ግማሽም በ1959 ተደርምሷል። በደቡብ ግድግዳው ላይ ብዙ ቆየሁ። ግድግዳው ውስጥ ትልልቅ ቅስቶች ይታያሉ፣ ግን ሁሉም በድንጋይ ተደፍነዋል። በእጄ ዳሰስኳቸው። የቅስቱ ድንጋይ በጥንቃቄ የተጠረበ ነው፣ መድፈኛው ግን ሌላ እጅ እንደሠራው ያስታውቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ሲበዛ ቤተ ክርስቲያኑን በጎን አሰፉት፣ በቅስቶቹ በኩል ወደ ተጨማሪው ክፍል ይገባ ነበር። ሰው ሲያንስ የጎኑን ክፍል አፈረሱና ቅስቱን ደፈኑት። የምእመኑ ቁጥር ግድግዳው ላይ አለ። ከዚህ የሚያሳዝን መዝገብ አላየሁም።

ብዙ ሰው መንደሩን ያጠፋው ጥቁር ሞት የተባለው የ1349ኙ ወረርሽኝ ይመስለዋል። ወረርሽኙ ክፉኛ ጎድቶታል፣ ግን አላጠፋውም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1458፣ ገና ከ16 ቤት ጭስ ይወጣ ነበር። የጨረሰው ሱፍ ነው። የሱፍ ዋጋ ጥሩ ነበር፤ እህል ለማረስ ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ ለበግ ግን አንድ እረኛ ይበቃል። በ1500 ገደማ ባለ መሬቱ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቤተሰቦች አስነሥቶ ቤታቸውን አፈረሰ፣ እርሻው ግጦሽ ሆነ። በበሽታ ያለቀ ሰው ያሳዝናል፣ ይሄኛው ግን ያናድደኛል። ደግሞ ዋራም ብቻውን አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ባዶ የቀሩ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች 3 ሺህ ገደማ ይሆናሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን መንደሩ ከጠፋ በኋላም አልተዘጋም። የጎረቤቷ የቲክሰንዴል ሰዎች በ1870 ገደማ የራሳቸውን እስኪያገኙ ድረስ ኮረብታውን እያቋረጡ እዚህ ይመጡ ነበር።

ስንመለስ ነፋሱ በረታ። ዳገቱን ጀምረን ዞር ስል፣ ቅድም በገባሁበት ቤት ጥግ አንዲት በግ ከነግልገሏ ተኝታለች። ከጉልበት የማያልፈው የግድግዳ እብጠት ነፋሱን ይመልስላታል።