ዋና መዳረሻዬ ባቡር

ነገሩ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አሁንም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብንን ስል የሚሰማኝ የዚያች የቪዛ መስኮት ሴትዮ ድምፅ ነው። "በእኔ ሂሳብ ዋና መዳረሻዎ ባቡር ነው።" ጮክ ብላ እንኳ አልተናገረችም። ቀስ ብላ፣ በአክብሮት፣ አንቱ እያለች ነው ያዋረደችኝ። ብታመናጭቀኝ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ተናድጄ እወጣ ነበር።

ከመሥሪያ ቤት ያገኘሁት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ነው። ሰኞ ማታ በረራ፣ ማክሰኞ ጠዋት ፓሪስ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ከሮም ተመላሽ። መሬት ረግጬ የምቆየው ስድስት ቀን ነው። በስድስት ቀን ውስጥ ያስገባኋቸው አገሮች ስምንት ናቸው። ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስ፣ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግ፣ ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያን፣ ቫቲካን። ቫቲካንን አትናቋት። ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ባትሞላም አገር ናት፣ ስትቆጠር እኩል ነው የምትቆጠረው። 25 ደቂቃ መድቤላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሦስት ነበሩ። ግን ሰው መቼ ያስቀምጣል? "ብራስልስ ድረስ ሄደህ አምስተርዳምን ሳታይ ልትመለስ?" "ጀርመን፣ ኮሎኝ ከደረስክማ ሉክሰምበርግ አፍንጫህ ሥር ናት እኮ!" እንዲህ የሚሉት ሰዎች ርቀቱን የሚለኩት ስልክ ላይ በአውራ ጣት ነው። በአውራ ጣት ከተለካማ ጨረቃም ቅርብ ናት። ሉክሰምበርግን ደግሞ ያስገባኋት ከ2020 ጀምሮ አውቶቡሱም ትራሙም በነፃ ስለሆነ ነው። ነፃ ትራም ለመሳፈር ብዬ የስንት ሰዓት የባቡር ትኬት እንደምከፍል ያኔ አልታየኝም።

ከዚያ ኤክሴል ከፈትኩ። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ኤክሴል ላይ የማይገባ ነገር የለም። አንዷ ሳጥን ውስጥ "አምስተርዳም" ብለህ ጽፈህ ቢጫ ስትቀባት አይተሃት የመጣህ ይመስልሃል። ከፓሪስ ብራስልስ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ። ከባቡሩ ወርጄ ሻንጣ የምጎትትበትን 23ኛውን ደቂቃ ከየት እንደማመጣው ሳላስብ በ1 ሰዓት ከ22 ብራስልስ መሃል አደባባይ ላይ ቆሜ ፎቶ እየተነሳሁ ነው። የኮሎኝ ካቴድራልን ውሰዱት። ግንባታው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1248 ነው፤ ያለቀው በ1880። ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት የተለፋበትን ሥራ እኔ 20 ደቂቃ ሰጠሁት። ያውም ማማው ላይ የሚያወጡትን 533 ደረጃዎች ጨምሮ፣ ያውም ከነሻንጣዬ።

የቪዛ ቀጠሮዬ ደረሰና አቃፊዬን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። ኢንሹራንስ፣ 30 ሺህ ዩሮ ይሸፍናል፣ ጥሩ። ሆቴል፣ ስድስት ሌሊት ስድስት አገር፣ ቅንድቧን ከፍ አደረገች ግን ዝም አለች። ቀጥላ የኤክሴሉን ገጽ አወጣች። እኔ ደስ አለኝ። በአራት ቀለም ነው የተቀባው፣ ሥራዬን ልታደንቅ ነው ብዬ ፈገግ ብያለሁ።

"ዋና መዳረሻዎ የትኛው ነው?"

ይህን ጥያቄ ተዘጋጅቼበታለሁ። የሸንገን ቪዛ፣ ያ በአንድ ማኅተም ብዙ የአውሮፓ አገር የሚያስገባው፣ የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከሚቆዩበት አገር ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆነ መጀመሪያ ከሚገቡበት። ሕጉን በቃሌ ይዤዋለሁ።

"ሁሉም እኩል ናቸው" አልኳት፣ ልጆቹን እንደማያበላልጥ አባት።

እስክሪብቶ አነሳች። መደመር ጀመረች። ከፓሪስ ብራስልስ፣ ከብራስልስ አምስተርዳም፣ ከአምስተርዳም ኮሎኝ እያለች፣ ጣቢያ ላይ የምጠብቀውን ሁሉ ጭምር። 31 ሰዓት መጣ። ቀጥላ አገሮቹን ደመረች፣ የምተኛበትን ሰዓት ቀንሳ። ከሁሉም የበለጠችው ፓሪስ ናት፣ 11 ሰዓት። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያቺን ነገር ያለችኝ። ቀጥላም፣ ማስረዳት ያስፈለገኝ ይመስል፣ "ባቡር ደግሞ ኤምባሲ የለውም" አለች።

ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው "ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?" አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጥበቃውም ሳቀ! ይህ ሰው ስገባ ቀበቶዬን ሲያስፈታኝ ፊቱ ድንጋይ ነበር፣ ጥርስ ያለውም አይመስለኝም ነበር።

እሷ ግን አልጨረሰችም። "ማክሰኞ ሉቭር ሙዚየም ዝግ ነው።" እሺ። "እሑድ የቫቲካን ሙዚየም የሚከፈተው የወሩ መጨረሻ እሑድ ከሆነ ብቻ ነው።" የእኔ እሑድ የወሩ ሁለተኛው ነበር። ከዙሪክ ሚላን መንገድ ላይ "የአልፕስ ተራሮች እይታ" ብዬ አረንጓዴ የቀባኋት 20 ደቂቃ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይሄኮ ዋሻ ነው።" የጎትሃርድ ዋሻ፣ 57 ኪሎ ሜትር፣ ከዓለም የባቡር ዋሻዎች በርዝመት የሚስተካከለው የለም። ለካ ተራራውን ሆዱ ውስጥ ገብቼ ልጎበኘው ኖሯል። "አስተካክለው ይምጡ" ብላ አቃፊዬን መለሰችልኝ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ ነበር። አሁን አክስቴ እንኳ ስትደውል "የባቡሩ ዜጋ እንዴት ነህ?" ነው የምትለኝ።

ዜግነቱን ካወጣሁ አይቀር አገሩን አስቤበታለሁ። ዋና ከተማው የሚበላበት ፉርጎ ነው። ፕሬዚዳንቱ ትኬት ተቆጣጣሪው ነው፤ ሲመጣ ሕዝቡ በሙሉ ኪሱን ይዳብሳል። ብሔራዊ መዝሙሩ ያቺ ከማስታወቂያ በፊት የምትመጣ ቲንግ ቶንግ ናት፤ ከዚያ በሦስት ቋንቋ አንድ አስፈላጊ ነገር ይነገራል፣ በአንዱም አይሰማም። ሁለት ፓርቲዎች አሉ፣ መስኮት እና መተላለፊያ። በመካከላቸው ያለው የድንበር ግጭት የክርን መደገፊያው ላይ ነው፤ እስካሁን የተፈረመ ስምምነት የለም። ኤምባሲ የለውም የተባለውም ስህተት ነው። አለው። ፉርጎው ጫፍ ላይ ነው፣ በሩ ላይ ቀይ መብራት አለ፣ ሁልጊዜ ሰው አለበት፣ ሁሉም ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ሴትዮዋን አግኝቼ ይህን ብነግራት ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን አፌ ላይ የመጣው "አመሰግናለሁ" ብቻ ነው። አመሰግናለሁ! ለምኑ ነው ያመሰገንኳት?

በዚህ መሃል ደግሞ የሚመክሩኝ መጡ። "መጓዝ ማለት መሮጥ አይደለም፣ አንድ መንደር ገብተህ አንድ ወር ተቀመጥ፣ ዳቦ ጋጋሪው ስምህን እስኪያውቅ።" እሺ፣ ዳቦ ጋጋሪው ስሜን ሲያውቅ አለቃዬ ስሜን ይረሳዋል፤ ያኔስ ማን ይቀጥረኛል? ወሩን ማን ሰጠኝ? እነዚህ ሰዎች ፓስፖርታቸው ጉልበት አለው፤ ጠዋት ተነስተው "ዛሬ ወዴት እንሂድ" የሚሉ ናቸው። እኔ ከጉዞው ከ6 ወር በላይ ቀድሜ ብመጣ አይቀበሉኝም፣ 15 ቀን እየቀረው ብመጣ ደግሞ ረፍዷል። ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ ሳላውቅ የት እንደማድር እያንዳንዷን ሌሊት ጽፌ ማሳየት አለብኝ። እንዲህ ለፍቶ የተገኘ ቪዛ ላይ አንድ አገር ብቻ አይቶ መመለስ ያንገበግባል። ሰርግ ተጠርቶ ውኃ ጠጥቶ እንደመውጣት ነው። ስምንት አገር እንዳስብ ያደረገኝ ይሄ ነው፣ እብደት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እብደትም አለበት።

ለማንኛውም አስተካከልኩት። በአንድ ሌሊት አምስት አገር ሰረዝኩ፤ ቫቲካንን ስሰርዝ ትንሽ ፈራሁ። ሦስት ቀሩ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስ። ሁለት ሁለት ሌሊት። መመለሻው ከአምስተርዳም። ሉቭር ረቡዕ። ቀለም የለውም፣ ጥቁር በነጭ፣ እንደ ሰው።

ትናንት ተመልሼ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው እሷው ናት። አስታወሰችኝ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻታለሁ።

"ዋና መዳረሻዎስ?"

ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። አሁንም እኩል ነው! እስክሪብቶው ጋ እጇን ስትሰድ አየሁና ደነገጥኩ። "ፓሪስ!" አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። "ከአምስተርዳም አንድ ሌሊት ይቀነስና ፓሪስ ሦስት ትሁን፣ ዋናው ፓሪስ ነው።"

"ጥሩ" አለች። ገጹን አገላበጠችው። "ሉክሰምበርግን ተዉአት?"

ዝም ማለት ነበረብኝ።

"ቅርብ ናት እኮ" አልኳት።