ኦቨን የገባው አሮጌ አስፋልት

ያረጀውን አስፋልት ፍቀን፣ ከሥሩ ካለው ጠጠር ጋር ቀላቅለን፣ በፎም ቢቱመን (አረፋ በሆነ ሬንጅ) እዚያው መልሰን የምናነጥፍበት የመንገድ ጥገና ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ። ትኩስ ሬንጅ ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጭ አረፋ ይሆናል። አረፋው ግን ትልልቁን ጠጠር አይለብስም፤ የሚይዘው ደቃቁን ነው። ስለዚህ በ0.075 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ዱቄት ቢያንስ 4 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል።

የላብራቶሪው ሪፖርት ሲመጣ ዱቄቱ የለም ማለት ይቻላል። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ከክሬሸር (ከድንጋይ መፍጫው) ደቃቅ አምጥተን እንጨምር ተባለ፤ የገልባጭ መኪናው ምልልስ ሳይቀር ተሰላ። የክሬሸሩ ኃላፊ ደስ ብሎታል፤ ደቃቁ የሚወስደው አጥቶ ተከምሮበት ነበር።

ጋሼ (የላብራቶሪ ኃላፊያችንን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ስብሰባው ላይ አንድም ነገር አልተናገሩም። ሲመለሱ ወንፊቶቹን አስወጥተው መረቡን በጣታቸው ዳሰሱት። ጥቁር ነገር ያዘ።

«ናሙናውን በስንት ዲግሪ ነው ያደረቅከው?» አሉት ቴክኒሻኑን።

«በ110 ነዋ ጋሼ፤ እንደ ሁልጊዜው።»

«ሁልጊዜ የምታደርቀው አፈር ነው። ይኼ ሬንጅ አለበት፣ ልጄ።»

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ሰብቤዝና ቤዝ ኮርስ (ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፉትን የአፈርና የጠጠር ንጣፎች) ሲፈትሽ የኖረ ሰው እጁ የለመደው 110 ነው። በዚያ ሙቀት ግን አሮጌው ሬንጅ ይለሰልስና ደቃቁ ከትልልቁ ጋር ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝ ጓል ሆኖ ይቀራል። ወንፊቱ የለካው ጓሉን ነበር።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ከአማካሪው በኩል አንድ መሐንዲስ «እንግዲያው ሬንጁን በኬሚካል አጥበን የጠጠሩን ግራዴሽን እንውሰድ» አለ፤ ግራዴሽን የሚባለው በየመጠኑ ያለው የጠጠር ድርሻ ነው። እንዲያ ሲደረግ የታሰረው ደቃቅ ሁሉ ይለቀቅና የግራዴሽኑ ኩርባ ያምራል። ሥራችን በሙቅ የሚቀላቀል ቢሆን ልክ ነበር። እንደ እኛው በቀዝቃዛ በሚቀላቀለው ግን አሮጌው ሬንጅ አይቀልጥም፤ ደቃቁን እንደያዘ፣ እንደ ጥቁር ጠጠር ሆኖ ነው የሚገባው። የሌለ ዱቄት አለ ብሎ መፈረም ነው። እኔ ከኦቨኑ ስህተት ይልቅ ይህን እፈራለሁ፤ ያኛው ገንዘብ ያባክናል፣ ይኼኛው መንገዱን ያፈርሳል።

ጋሼ ክርክር ውስጥ አልገቡም። አንዱን ናሙና በኳርተሪንግ (ክምሩን አራት ቦታ በመክፈል) እኩል ከፍለው፣ ግማሹን በ110፣ ግማሹን በ40 ዲግሪ አደረቁና ሁለቱንም በየሰው ፊት አስነፉ። በ40 የደረቀው ዱቄቱን ሰጠ፤ በጭንቅም ቢሆን 4 በመቶን አለፈ። የክሬሸሩ ደቃቅ ትዕዛዝ ቀረ።

ተቋራጩ 40 ዲግሪ ቀን ይፈጃል ብሎ ማጉረምረሙ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ለወንፊት የሚሄደው ናሙና ጥላ ሥር ሸራ ላይ ተበትኖ በነፋስ ይደርቃል፤ 110 ዲግሪ የሚገባው ለእርጥበት ልኬት የሚቆነጠረው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከተመዘነ በኋላ ይደፋል።