ሳይረኑ ለቡና የተነፋ መስሏት

ዴፖ አፓረንት የወጣ ልጅ ስለ እሳት የሚነገረውን ያህል ስለ ገሃነም እንኳ ተነግሮት አያውቅም። የደረሰኝ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያለ አንድ የነዳጅ ዴፖ ነበር። ስሙ ይቅር። ቫልቭ ልከፍት፣ ፓምፕ ልፈታ፣ ሙያ ልቀስም ብዬ ሄጄ ቀኑን ሙሉ የተማርኩት ምን ይዤ እንደማልገባ ነው። ስልክ አይገባም። ላይተር አይገባም። ሚስማር ያለው ጫማ አይገባም። የናይለን ጃኬትም አይገባም፤ ናይለን ሲፋተግ ብልጭታ ያመጣል፣ ብልጭታ ደግሞ የሁላችንንም ተዝካር ያመጣል። ጥጥ በጥጥ ሆኜ ገባሁ።

በር ላይ ያሉት ጥበቃ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ሁሉም ሰው "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚላቸው። ሲፈትሹ ቀልድ የለም። አንድ ጠዋት ከኪሴ የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር አወጡ። ሁለቱንም ጫፍ ወደ ፀሐይ አቅርበው አገላበጡት። ድኝ የተቀባ የክብሪት እንጨት እንዳይሆን ነው። አሸተቱትም። ከዚያ "ለዛሬ ግባ" አሉኝ፤ ስንጥሩን ግን አልመለሱልኝም።

ውስጥ ደግሞ አሰልጣኛችን ጋሼ አሉ። ጋሼ ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው፦ "ቤንዚን ይቃጠላል?" አዎ ያለ ወደቀ። ፈሳሹ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ትነቱ ነው። ያ ትነት ከአየር ይከብዳል። ሽቅብ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ይሳብና ጉድጓድና ቦይ እየተከተለ እሳት ያለበት ድረስ ሄዶ፣ እሳቱን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት አይሰጥም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ብርድ ውስጥ እንኳ ይሰጣል። "ባሕር ዳር እንዲህ በርዶ ያውቃል?" ይሉናል ጋሼ። "አያውቅም!" እንላለን በአንድ ድምፅ። "እንግዲያው ቤንዚን ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ እናንተስ?"

እኛማ ከዝግጁም አልፈን ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ የመብራት ማብሪያ ስነካ ራሱ እጄ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ምጣድ ስታሰማ በሩን በርግጄ እከፍታለሁ። ለነገሩ መዘዙ የመጣው ከዚሁ ነው። እማዬ ምን ነክቶህ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ዴፖው አወራኋት። ከተረትኩላት ሁሉ ጆሮዋ የያዘው አንዱን ብቻ ነው፦ ግቢው ውስጥ እሳት ስለማይነድ ቡና አይፈላም፣ ሠራተኛው የሚጠጣው ከቤቱ በፔርሙስ ያመጣውን ነው።

"የፔርሙስ ቡና?" አለች። "ሙያ የሚያስተምሩህ ሰዎች የፔርሙስ ቡና እየጠጡ ነው?"

ነው አልኳት። ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ ግን አፓረንቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ ፎርሜ መፈረሙ ላይ ነበር።

ረቡዕ ነው። አምስት ሰዓት ገደማ ታንከር ላይ ወጥቻለሁ፤ ዲፕ ለማድረግ። ለማያውቁት፣ ዲፕ ማለት ጫፉ ላይ የነሐስ ክብደት ያለውን ሜትር በታንከሩ አናት ቀዳዳ አውርዶ ነዳጁ ስንት ሴንቲ ላይ እንደደረሰ ማንበብ ነው። ነሐስ የሆነው ከብረት ጋር ሲጋጭ ብልጭ እንዳይል ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት ይቀባል፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ተኝቶ እንደሆነ በሱ ይታወቃል። የሙቀት መጠኑም ይለካል። ይሄ የሙቀት ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ከአሥር ሺህ ስምንት እጅ ያህል ያብጣል ወይም ይሟሽሻል። 40 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ ከጅቡቲ ሐሩር ተነስቶ፣ በድንበሩ በጋላፊ አልፎ፣ ደጋውን ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ነዳጁ በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ከ300 ሊትር በላይ "ይጎድላል"። ማንም አልሰረቀውም፤ ተሰብስቦ ነው። ይህን ግን ለደከመው ሹፌር አስረዱት እስኪ። ያን ቀንም አንዱ ሹፌር ቢሮ በር ላይ ቆሞ "ሌባ ልትሉኝ ነው? የቦቴው ማሸጊያ ፕሎምብ ሳይበጠስ!" እያለ ግቢውን ቀውጢ አድርጎታል። ሰውየው በሙቀት የተስተካከለውን ሂሳብ ቢያሳዩት፣ ቢያስረዱት፣ አልፈርምም ብሏል።

እኔ ላይ ሆኜ ሜትሩን እየጠቀለልኩ የዕጣን ሽታ መጣብኝ።

መጀመሪያ የቤንዚን ትነት ራሴን አዙሮት ነው ብዬ ነበር። ነፋሱ ከጣና በኩል ነው የሚነፍሰው። ከዕጣኑ ተከትሎ የሚቆላ ቡና መጣ። ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ከአጥሩ ውጭ፣ ቦቴዎቹ ወረፋ የሚጠብቁበት ዋርካ ሥር፣ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከጭሱ አጠገብ አንድ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ቀይ፣ አረንጓዴ አበባ ያለው፣ አንድ ዘንጉ በክር የታሰረ። ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እዚያ ደረሰች? በኋላ ነው የተረዳሁት። ባጃጅ ኮንትራት ይዛ፣ ረከቦቱን፣ ሲኒውን፣ ድፎ ዳቦውን፣ ፈንዲሻውን፣ ቄጤማውን፣ ከሰሉን ሁሉ ጭና መጥታለች። ሃምሳ አለቃ በዚያ ሰዓት ውስጥ ገብተው የአንድ ቦቴ የእሳት ማጥፊያ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን እየመረመሩ ነው። በሩን የያዘው ወጣቱ ጥበቃ ደግሞ ገና የድፎው ቅርፊት ሲታየው እጁን ሰጥቷል። "ከአጥር ውጭ ነው፣ ምን አለበት" አለ አሉ። የሹፌሮቹ ረዳቶች ከሰሉን በካርቶን አራገቡላት። አጠገቧ "እሳት ማቀጣጠልና ማጨስ ክልክል ነው" የሚለው ሰሌዳ አለ። እማዬ ነጠላዋን እሱ ላይ ሰቅላለች።

የዴፖ ሕግ ግልጽ ነው። ጭስ ያየ ሰው አይጠይቅም፤ ቁልፉን ይጫናል። የፓምፑ ሠራተኛ አየ፣ ተጫነ። ሳይረኑ ጮኸ። ፓምፖቹ ባንዴ ጸጥ አሉ፤ ሲጫን የነበረው ቦቴ ግማሹ ላይ ቀረ። ሕጉ ይቀጥላል፦ ሥራ ይቆማል፣ ማንም አይሮጥም፣ ሁሉም የነፋስ ጠቋሚውን ከረጢት አይቶ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወዳለው መሰብሰቢያ ይሄዳል። ትነቱ እንዳይከተለን ነዋ። ነፋሱ የሚመጣው ከጣና በኩል። በሩ ያለው በጣና በኩል። መሰብሰቢያው ያለው ከበሩ ውጭ፣ ዋርካው አጠገብ።

እንግዲህ በእማዬ ዓይን እዩት። ጀበናው ገና ገንፈል እንዳለ የመሥሪያ ቤቱ ደወል ጮኸ። በሩ ተከፈተ። ሠራተኛው በሙሉ፣ ከሥራ አስኪያጅ እስከ ጽዳት፣ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ በሥርዓት ተሰልፎ ወደሷ መጣ።

"ውይ በሞትኩት!" አለች ብድግ ብላ። "ደወል ደውላችሁ ነው የምትጠሩት? እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት አይቼም አላውቅ። ኑ፣ ቁጭ በሉ፣ አቦሉ ደርሷል።"

ጋሼ የስም መጥሪያ ወረቀት ይዘው ሰው ይቆጥራሉ። እማዬ ሲኒ ትቆጥራለች። ሁለቱም ጎደላቸው። ሲኒ የጎደለው በብዛት ነው፤ ሰው የጎደለው አንድ ብቻ፣ እኔ። እኔ ገና ደረጃው ላይ ነኝ። ከታንከር ሲወረድ ፊትን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ መደገፊያውን ይዞ፣ አንድ በአንድ ነው። ሳይረን ቢጮኽም፣ እናት ቢሆንም።

"አንድ ሰው ጎድሏል!" አሉ ጋሼ።

"ልጄ የታል?" አለች እማዬ በተራዋ።

በዚህ መሃል ሃምሳ አለቃ ደረሱ። ያዩትን ማመን አቃታቸው። ያ የስንጥር ጫፍ ያሸተቱ ሰው ከበራቸው ደጃፍ የጋመ ከሰል ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። "እትዬ!" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ሰሌዳውን አላዩትም?"

"የቱን?"

ነጠላዋን አነሱት። ፊደሉን ትታ የሲጋራውን ሥዕል አየችና ተቆጣች። "እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አፌም ገብቶ አያውቅ፣ ወንድሜ! ለኔ ነው ይሄ የሚባለው?"

ጋሼ ግን ከንግግር ያለፈ ነገር ይዘው መጡ። ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ባለ ጎማ የአረፋ ማጥፊያ አለ። ስንወለውለው፣ መለኪያውን ስናነብ፣ ፎርም ስንሞላለት ነው የባጀነው። ጋሼም ራሳቸው ከልምምድ ውጭ ለእውነተኛ እሳት ተጠቅመውበት አያውቁም። ያን ዕለት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ፍርሃት ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። ሰዉን ወደ ኋላ አደረጉ፣ ፒኑን ነቀሉ፣ አፈሙዙን ዝቅ አድርገው ለቀቁት።

አረፋው እንደ ጠላ ገንፍሎ ሁሉን ሸፈነው። ምድጃው ጠፋ። ጀበናው አንገቱ ብቻ ቀረ። ረከቦቱ፣ ፈንዲሻው፣ ድፎ ዳቦው የለም። ከዚያ ሽታው መጣ። ያን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የቄራ ጓሮ ነው።

"በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?" አለች እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ።

አብሮኝ አፓረንት የወጣ አንድ ልጅ አለ። ክፍል ውስጥ መልስ ቀድሞ የሚመልስ ዓይነት። አሁንም ቀደመ። "ፕሮቲን ፎም ነው እናቴ። ከከብት ቀንድና ሰኮና ነው የሚሠራው።"

እማዬ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ዳቦውን፣ ቀጥሎ ጋሼን አየች።

"ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!"

ጋሼ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። ስለ ብልጭታ ጠይቁኝ፣ ስለ ትነት ጠይቁኝ፤ ስለ ጾም? ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ። ሃምሳ አለቃ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ አሉ። ትንሽ አሰቡና ፈረዱ፦ "ሰኮናውን የበላ የለም፣ ስለዚህ ጾሙ አልተገደፈም። ዳቦው ግን ከእንግዲህ አይበላም። በጾምም በፍስክም።"

ይሄኔ ነው እኔ መሬት የረገጥኩት። ጋሼ ስሜ ላይ ራይት አደረጉ። እማዬ አገላብጣ ሳመችኝና ጆሮዬ ላይ "እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?" አለችኝ።

ከዚያ ሪፖርት ተጻፈ። ፎርሙ የታተመው ለትልልቅ አደጋ ነው። "የእሳቱ ምንጭ" ለሚለው ጋሼ "ቡና" ብለው ጻፉና ሰርዘው "ከሰል" አሉ። "የወደመ ንብረት" ላይ እማዬ ራሷ አስመዘገበች፦ አንድ ድፎ፣ አንድ ትሪ ፈንዲሻ፣ ሰባት ሲኒ ቡና። "አቦል ላይ ነው የተቋረጠው ብለህ ጻፍ" አለቻቸው። ቦታ ስላልነበረው ከኅዳጉ ላይ ጻፉላት።

ግን ጀበናው አልተሰበረም። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከዴፖው በደንብ ራቅ ያለች አንዲት ሻሂ ቤት አለች። የቤቱ ባለቤት ምድጃዋን ለቀቀችላት፤ ጀበናው ታጥቦ፣ አዲስ ቡና ተቆልቶ እንደገና ተጀመረ። ሹፌሮቹ ወረፋቸውን ለረዳት ትተው ተከተሏት። ጋሼ "ለደህንነት ክትትል" ብለው ሄዱ። ያ አልፈርምም ያለው ሹፌርም እዚያው ነበር። አቦል ላይ ጋሼ ስለ ሙቀቱ እንደገና ነገሩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ቶና ላይ ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ። ቢሮ ውስጥ ማንም ያላሳመነውን ሰውዬ!

ፓምፑ ተነስቶ ጭነት ሲቀጥል፣ ቦቴው ግማሽ ላይ የቀረበት ሹፌር ብቻ ጠፋ። ሃምሳ አለቃ አስፋልቱን ተሻግረው ሊጠሩት ሄዱ። እሳቸውም ቆዩ። መጨረሻ ላይ እኔ ተላክሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ሃምሳ አለቃ ሲኒ እንደያዙ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"መጀመሪያ ኪስህን" አሉኝ። "ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ንገር፣ በረካው አልደረሰም።"