ጫማ ሳይወልቅ

በጥቅምት አጋማሽ፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ የማስተምራቸውን የአምስት ዓመት ሕፃናት በየሐሙሱ ጠዋት ከክፍል አውጥቼ፣ ከግቢያችን ጀርባ ወይራና ጽድ በበዛበት ሜዳ ላይ ማስተማር ጀመርኩ። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት ማስተማሪያው ያወጣለት ስም «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ማለት ነበር፤ ልጆቹም የሚንከባከቡት መደብ ነበራቸው። እኛ ትምህርቱን ተቀብለን «መዋዕለ ሕፃናት» ስንለው አትክልቱ ከስሙ ብቻ ሳይሆን ከግቢውም የቀረ ይመስለኛል፤ ፊደልን ከዛፍ ጥላ ሥር መቁጠር ግን የቄስ ትምህርት ቤት ላሳደገው አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ልጆች በአንድ የወይራ ቅጠል ተከራከሩ። አንደኛዋ አረንጓዴ ነው ስትል ሌላው ቡናማ ነው አለ፤ እያንዳንዳቸው በፊታቸው የዞረውን ገጽ ብቻ ነበር የሚያዩት። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቱም ከሁሉ ከበደኝ። ቅጠሉን ራሳቸው እስኪገለብጡት ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። መስከረም ላይ ቀለማትን ከግድግዳ ሥዕል በአሥር ደቂቃ አስተምሬያቸው ነበር፤ ያን ትምህርት ግን አንድም ልጅ እንዲህ ሲሟገትለት አላየሁም።

ስለ አውሮፓ የደን መዋዕለ ሕፃናት ያነበብኩትን ተከትዬ፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሣርና ጭቃ እየረገጡ ልዩነቱን እንዲለዩ አቅጄ ለወላጆች ነገርኳቸው። ስለ ብርድና ስለ ልብስ መቆሸሽ የሚነሳውን ጥያቄ ጠብቄው ስለነበር መልስ አላጣሁለትም። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ግን ሌሎቹ እስኪወጡ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህርት፣ አባቴ እግራቸው እንዳበጠ ነው ያረፉት። ልጄ ጫማ አድርጎ እንዲያድግልኝ ብዬ ነው ከተማ የገባሁት፤ እርስዎ ደግሞ ያስወልቁታል?»

በደጋው አገራችን፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ፣ ሰዉ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት አለ። ከትንኝ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከሉታል። የአንድ ጠዋት ጨዋታ ልጅን ለዚህ እንደማይዳርገው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለእኒህ እናት ጫማ የትምህርት መጀመሪያው ነው፣ እኔም ይህን ሳላስብ ሌላ አገር ለሌላ አፈር የተዘጋጀውን ልምድ እንዳለ አመጣሁት። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ የባዶ እግሩንም ክፍል ሰረዝኩ።

አሁን ጭቃና ሣሩን የሚለዩት በእጃቸው ነው፤ ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በር ላይ በተቀመጠው ሳፋ እጃቸውን ይታጠባሉ። እኒያ እናት ወይራ የወተት ዕቃ ለማጠን እንዴት እንደሚጨስ መጥተው ለልጆቹ እንዲያሳዩልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ እስካሁን እሺም እምቢም አላሉኝም። ከ22ቱ ልጆች 17ቱ ለጭቃ የሚሆን ቦት ጫማ አላቸው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሦስት ጥንድ ገዛሁ፤ ለሐሙስ ሁለት ይቀሩኛል።