ጨረቃ ላይ ደመና የለም

የእህቴ ልጅ ሚሚ ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት «ጨረቃ ላይ ቆሜ ፎቶ አንሳኝ» አለች። ይሄ ለኔ ምን ይገደኛል! ጥቁር አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርኩ። ከጥጥ ደመና ሠራሁ። ከፎይል ከዋክብት ቆርጬ በክር አንጠለጠልኩ። ማማሩ!

ሚሚ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቃኘችው።

«አጎቴ፣ ጨረቃ ላይ አየር የለም እኮ። ደመናው ከየት መጣ?»

ደመናው ተነሳ።

«ከዋክብቱስ? ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ያረፈበትን የአፖሎ 11ን ጉዞ ፎቶዎች አላየህም? ሰማዩ ጥቁር ብቻ ነው።»

ከፍቼ አየሁ። ልጅቷ አልዋሸችም። የጨረቃው መሬት በፀሐይ ስለሚያበራ ካሜራው የተስተካከለው ለዚያ ድምቀት ነው፤ ደብዛዛዎቹ ከዋክብት አይወጡም። ግማሽ ቀን የፈጀሁባቸውን ከዋክብት አንድ በአንድ በጠስኩ። የቀረኝ ጥቁር አንሶላ ብቻ ሆነ። እሱም መብራት ሲያርፍበት የክር ብናኙና የድመት ፀጉሩ ቦግ አለ። የከለከለችኝ ሰማይ በራሱ ጊዜ ተመልሶ መጣ! በፕላስተር እየለጠፍኩ እየላጥኩ አጸዳሁት።

መብራትም ሁለት አይሆንም ተባልኩ። «ፀሐይ አንድ ናት።» እሺ። አንዷን የጠረጴዛ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ አቆምኳት። እዚህ ላይ ግን ላመስግናት፤ ጥላው ረዘመና ክፍሉ በእውነት ሌላ ዓለም መሰለ።

ለጨረቃ አፈር ዱቄት ከአመድ ጋር ቀላቅዬ ወለሉ ላይ ነፋሁ። ሚሚ ቡትስ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ድመታችን ከሶፋው ሥር ወጣች። ተንጎራደደች። መሃል ላይ ቆም ብላ አስነጠሰችና መንገዷን ቀጠለች። እንግዲህ ቤታችን ባለችው ጨረቃ ላይ መጀመሪያ እግሯን ያሳረፈችው እሷ ናት። ሚሚ አለቀሰች። አፈሩን እንደገና ነፋሁ።

ሄልሜቱ የኔ ኩራት ነው። ፊኛ ላይ ጋዜጣ በሙጫ ደራርቤ አደረቅኩት፤ የፊቱን መከለያ በሚያብረቀርቅ ወርቃማ የስጦታ ወረቀት ሸፈንኩት። የእውነተኞቹ ጠፈርተኞችም መከለያ ስስ ወርቅ ይቀባል፤ የፀሐዩን ጨረር ይመልስላቸዋል። የኔው ጨረሩን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ከለከለ። ሚሚ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ሁለተኛውን አንሶላው ላይ ጨረሰችው። ሰማዩ ከነመስቀያው እላዬ ላይ ወረደ።

ሰማዩን መልሰን ሰቀልን። «ንቅንቅ እንዳትይ!» ብዬ ቶሎ ቶሎ አነሳሁ። አንዱ ፎቶ በጣም አማረ። ሳላጣራ ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁት።

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። «መከለያው ላይ ያለው ሰውዬ ማነው?»

አጉልቼ አየሁ። ወርቁ መስታወት ሆኗል። መስታወቱ ውስጥ እኔ አለሁ፤ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ ፀጉሬ በዱቄት ነጥቶ፣ ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ቢጃማ። ሄልሜቱ ክብ ስለሆነ ሆዴን ከክፍሉ አስበልጦታል።

ልሰርዘው ስል ሚሚ እጄን ያዘች። «እንዳትነካው! እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ የተነሳው የጠፈርተኛው ኦልድሪን ፎቶ ላይም ፎቶ አንሺው አርምስትሮንግ መከለያው ላይ ይታያል። ልክ ነው የሠራነው!»

ይህን እያስረዳችኝ እያለ የእናቴ መልእክት ገባ።

«ያ ቢጃማ እስከ ዛሬ አልተጣለም?»