ጋውን ለብሶ እራት፦ የኦክስፎርድ ኮሌጆች የማዕድ ሥርዓት

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የዕለት ኑሮው የሚያያዘው ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ከኮሌጁ ጋር ነው፤ መኝታው፣ ጸሎት ቤቱና መመገቢያ አዳራሹ ሁሉ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ከስድስት ኪሎ ካፌ ሰልፍ ለመጣ እንደ እኔ ያለ ተማሪ ምሳው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚህም ትሪ ይዞ ተራ መጠበቅ አለ። በተወሰኑ ምሽቶች ግን ያው አዳራሽ ነጭ ጨርቅና ሻማ ይዞ መልኩን ይለውጣል፤ «ፎርማል ሆል» የሚባለውም ይህ እራት ነው።

ተማሪዎቹ በልብሳቸው ላይ ጥቁር ጋውን ደርበው ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ዘንድ ይቆያሉ። መዶሻ ወይም ደወል ሲሰማ ሁሉም ብድግ ይላል፤ መምህራኑም በሰልፍ ገብተው ከአዳራሹ ጫፍ በመድረክ ላይ ወደተዘረጋው «ሃይ ቴብል» ያመራሉ። ጸሎት ሳይደረስ የሚቀመጥ የለም። ጋውኑም ቢሆን ሁሉን እኩል የሚያደርግ ልብስ አይደለም፤ የተራው ተማሪ አጭርና እጅጌ የሌለው ሲሆን በውጤቱ «ስኮላር» ለመባል የበቃው ግን ረዘም ያለና ሰፊ እጅጌ ያለው ይለብሳል። ስለዚህ ፈተናውን ማን እንዴት እንደተወጣ በልብሱ ይታወቃል። ይህን አልወደድኩትም። ነገር ግን ሥርዓተ ልብሱን አጥብቀው የያዙት መምህራኑ ብቻ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመደበኛው የፈተና ልብስ ግዴታነት ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብሎ ተማሪዎቹ ድምፅ ሲሰጡ፣ ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ ይቀጥል አሉ።

እኔን በጣም የሚስበኝ ጸሎቱ ነው። በብዙ ኮሌጆች በሁለት የላቲን ቃላት ብቻ ያልቃል፤ የተራበ ተማሪም ይህን አይጠላም። በ«ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ግን ከኦክስፎርድ ሁሉ ረጅሙ ነው የሚባል ጸሎት አለ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው እየመለሰ ይደርሳል፣ በመካከሉም «ረድኤታችን በእግዚአብሔር ስም ነው» ሲባል «ሰማይንና ምድርን በሠራ» የሚል መልስ ይሰጣል። ካህንና ሕዝብ በግእዝ እየተቀባበሉ በሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ላቲኑን ባያውቅም አካሄዱን ወዲያው ይይዘዋል። ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጋር ጉዳይ የሌላቸው፣ ከነጭራሹም የማያምኑ ተማሪዎች በጸጥታ ቆመው ሲያዳምጡት ማየትም ሌላው የሚገርም ነገር ነው፤ ገጣሚው ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚሁ ኮሌጅ የተባረረው እግዚአብሔርን በሚክድ ጽሑፍ ሰበብ ነበርና።

ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1249 የደርሃሙ ዊልያም በተናዘዘው ገንዘብ የተመሠረተ ነው። ይሁንና ለብዙ ዘመን መሥራቻችን በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ንጉሥ አልፍሬድ ነው ሲባል ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1727 ፍርድ ቤት ሳይቀር ይህንን አጽድቆታል። እ.ኤ.አ. በ1872 ደግሞ ሺኛ ዓመታችን ነው ተብሎ ታላቅ የእራት ግብዣ ተደረገ። ሺው ዓመት ሐሰት ቢሆንም እራቱ ግን በእውነት ተበልቷል።

ይህን ሁሉ ስመለከት ወደ ሐሳቤ የሚመጣው የምኒልክ አዳራሽ ግብር ነው። በዚያም ንጉሡ ከፍ ካለ ስፍራ በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ቀርበው ይቀመጣሉ፣ ሠራዊቱም በየተራው ገብቶ ይበላል። ማን ከማን በላይ እንደሆነ በአዋጅ ከመንገር ይልቅ ማዕድ ላይ ማሳየት ይቀላል፤ የኦክስፎርዱም መድረክ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ልዩነቱ ከመድረኩ በታች ያለው ነው። ተማሪው ባገኘው አግዳሚ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ፣ የፊዚክስ ተማሪ ከታሪክ ተማሪ፣ የናይሮቢው ልጅ ከዮርክሻየሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሁለት ሰዓት ያህል ማውራት ግድ ይሆንበታል። ትምህርቱ ስምንት ስምንት ሳምንት በሚቆዩ የትምህርት ወቅቶች ውስጥ ተጨናንቆ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ድርሰት ለማድረስ ሲል በክፍሉ ብቻውን ዳቦ እየቆረሰ ሊከርም የሚችለውን ተማሪ ከሰው የሚያገናኘው ይህ እራት ነው። ቀድሞ በማዕድ ላይ ስለ ትምህርት የሚያወራ ሰው «ስኮንስ» በሚባል ቅጣት በትልቅ ዋንጫ ቢራ እንዲጠጣ ይደረግ ነበር። በመጠጥ መቅጣት ደግ ልማድ አይደለም፤ በእራት ሰዓት ስለ ፈተና አይወራ ማለት ግን ዛሬም ቢሆን ተገቢ ነው።

የጾሙ ነገር እንደሚፈራው አይከብድም። እራቱ አስቀድሞ በምዝገባ የሚያዝ በመሆኑ «ቪጋን» የሚለውን የመረጠ ሰው በዐቢይ ጾምም ሆነ በዓርብ ከሌላው እኩል ሦስት ዓይነት ምግብ ይቀርብለታል፤ ወይን ለማይጠጣም ውኃ በጠረጴዛው ላይ አለ። መድረኩን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተመሠረተውና ፈላስፋው አይዛያ በርሊን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነለት ዎልፍሰን ኮሌጅ ሃይ ቴብል የሚባል ነገር የለውም፤ መምህርና ተማሪ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ጸሎትና የዎልፍሰንን አቀማመጥ አንድ ላይ የያዘ አዳራሽ ቢኖር ኖሮ፣ እኔ ለመግባት የማመለክተው እዚያ ነበር።